ገመዱ ይታያል

የቪዲዮ ቤቴን በዘጋሁ ቀን ሰዎች ጋቢ አለበሱኝ። መተማ ዮሐንስ ነው። ባጃጅ ነጂው፣ ጉምሩክ በር ላይ ዕቃ የሚያወርደው፣ ከኮኪት ድረስ በጭነት መኪና የመጣው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አንድ መምህር ተነሣና «እማማ ትርንጎ ማለት ሐቅ ማለት ናቸው። ‹ገመዱ ይታያል› ብሎ የሚያሳይ ሌላ ነጋዴ የት አለ?» አለ። ሰው ሣቀ፤ አጨበጨበ። እኔ የጋቢውን ጫፍ በጣቴ እያሸሁ መሬት መሬቱን አየሁ። «ደስታ ነው፤ እንባ ተናነቃቸው» ሲሉ ሰማሁ። ደስታ አልነበረም። አፍሬ ነው።

ይህን የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱም መሠረተ ትምህርት ተጨምሮበት። ፊደሌን የልጅ ልጄ አርማልኛለች፤ ነገሩን እንድታርም ግን አልፈቀድሁላትም።

ሥራ የጀመርሁት ሸሕዲ መናኸሪያ ሻይ በመሸጥ ነው። ባሌ ሞቶ አንዲት ሴት ልጅ ይዤ ቀርቻለሁ። ሻይ የምቀዳው ሰው በመጣበት ተራ ነበር። ባለ እርሻም ይምጣ ባለ ሥልጣን፣ ከፊቱ የቀን ሠራተኛ ካለ ይጠብቃል። አንድ ቀን አንድ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ተራ አልፎ ብርጭቆ ሲያነሣ ከእጁ ነጥቄ ሻዩን መሬት ላይ ደፋሁት። ሰውየው ሽጉጡን ነካ ነካ አደረገ። እኔም ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ። ያን ጊዜ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ሣቁና፣

«አንቺ ልጅ፣ በር ትጠብቂልኛለሽ?» አሉኝ።

ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። ቀድሞ በወታደር ቤት የሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ቆላ ወርደው ኮኪት ላይ ቪዲዮ ቤት ከፍተዋል። ቤቱ ራኩባ ነው፤ ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ትልቅ ዳስ፤ ብርሃን እንዳይገባ ጎኑ በሸራ ተሸፍኗል። እኔ ተቀጠርሁ። ደሞዜ አንዳንዴ ብር፣ አንዳንዴ ማሽላ ነበር፤ ስለ እሱ ቅሬታ የለኝም።

መጀመሪያ በር ብቻ ነበር የምጠብቀው። ኋላ እጄን አይተው ማሽኑን አስተማሩኝ። ጋሽ ይርዳው ካሴት ከመንካታቸው በፊት እስከ ክንዳቸው ይታጠባሉ፤ በጨርቅ አይደርቁም፣ አየር ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ። «ጨርቅ ፀጉር ይተዋል» ይሉ ነበር። ኮኪት አቧራው ብቻ አይደለም ችግሩ፤ በአጨዳ ጊዜ የሰሊጥ ገለባ ዱቄት ሆኖ አየሩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ዴኩ ውስጥ፣ ማለት ካሴት የሚያጫውተው ማሽን ውስጥ፣ ይገባና ምስሉን ያጠፋዋል። ዴኩን ፈትተው ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ። «ሄድ» የሚባለውን፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክብ ብረት፣ በአልኮል በነከሩት ጨርቅ ያብሳሉ። «ወደ ጎን፤ ወደ ጎን ብቻ። ወደ ላይ ካበስሽው ዓይኑን አወጣሽው ማለት ነው።» ማሽኑ የበላውን ካሴት በምላጭ በሰያፍ ቆርጠው በስስ ፕላስተር ከጀርባው ያያይዙታል። ሙቀት እንዳያጣምማቸው ካሴቶቹን ደረቅ ጋን ውስጥ ያስቀምጣሉ። እኔ ይህን ሁሉ ወደድሁት። በሕይወቴ አንድ ነገር በወጉ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከካሴቶቹ ሁሉ አንዱ የተለየ ነበር። ሽፋን የለውም፤ ከሱዳን፣ ከገላባት የተሻገረ ነው። የምን አገር እንደሆነ ያወቀ የለም፤ ቋንቋው ሕንድም አይደለም፣ ዐረብም አይደለም፤ ከሥሩ የዐረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ታሪኩ፣ አንዲት ልጅ ወንድሟን ተራራ ይውጥባታል፤ አፍ ያለው ተራራ ነው። እሷም በትልቅ ወፍ ላይ ተቀምጣ ልትፈልገው ትሄዳለች። ሠሪዎቹ ንስር ትሁን ብለው ይሆናል፤ ሆዷ ግን ድብልብል፣ ላባዋም ነጠብጣብ ስለሆነ ቆላ ያለ ሰው ሁሉ ጅግራ አላት። ፊልሙም «ጅግራ» ተባለ። ሲታይ ከፊት ቆሜ ንግግሩን በግምት የምተረጉመው እኔ ነበርሁ።

ጉድ የሞላበት ፊልም ነው። ጅግራዋ ስትበር ወገቧ ላይ የታሰረው ገመድ ይታያል። የተራራው ጠባቂ ሲቆጣ የፊቱ ላስቲክ ከአንገቱ ይገለበጣል። ከጥንት ዘመን ወታደሮች አንዱ የእጅ ሰዓት አስሯል። መሃሉ ላይ ካሴቱ ተበልቶ ስለተቆረጠ፣ ልጅቷ ወንዝ ዳር ቆማ ሳለች ድንገት በረዶ ላይ ትገኛለች። መጨረሻውማ ጭራሽ የለም። የተራራው በር ላይ ደርሳ እጇን ስትዘረጋ፣ ሱዳን ያለ አንድ ሰው የኳስ ጨዋታ ቀድቶበታል።

ጋሽ ይርዳው ፊልሙን ከማስጀመራቸው በፊት ከፊት ይቆሙና እንዲህ ይላሉ፦ «ወገኖቼ፣ ገመዱ ይታያል። ላስቲኩ ይገለበጣል። አንዱ ሰዓት አስሯል። መሃሉ ተቆርጧል፤ መጨረሻውን እኔም አላውቀውም። የማይፈልግ አሁን ይውጣ፤ የከፈለውን ይውሰድ።»

እኔ ተናደድሁ። «ጋሼ፣ ሰው ዕቃውን እያጣጣለ ይሸጣል እንዴ?»

«ገመዱ ስለታየ አላፍርም፤ እኔ አላሰርሁትም። ሳልናገር ቀርቼ ሰው ካየው ግን አፍራለሁ።»

የወጣ ሰው አልነበረም። እንዲያውም የጎጃሙም የወሎውም የቀን ሠራተኛ ለአጨዳ ሲወርድ ገና ከመኪና ሳይወርድ «‹ጅግራ› አለች?» ይል ነበር። ጉዱን ተራ በተራ ያውቁታል። ገመዱ ሲመጣ ራኩባው ሁሉ «ገመድ!» ብሎ ይጮኻል። ሰዓት ያሰረው ወታደር ብቅ ሲል «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይሉታል። ኳሱ ሲጀምር የሚነሣ የለም፤ ጎሉ እስኪገባ ጠብቀው፣ ልጅቷ ወንድሟን ያገኘች ይመስል ተቃቅፈው ይጨፍራሉ። ማሳ ላይ እንኳ ካቦው «ዛሬ በጊዜ እንለቃችኋለን» ሲል ከአጫጆቹ መሃል አንዱ «ገመድ!» ይላል። ውሸት ሲታይ ማለት ነው።

ዘፈኑ ሲመጣ ግን ዝም ይላሉ። ልጅቷ ጅግራዋ ላይ ሆና የምትዘፍነው ነው፤ ዋሽንት የመሰለ ነገር ከሥሯ ይከተላታል። ድምፁ አልፎ አልፎ ይዋልላል፤ ካሴቱ ስለተሳበ። የሚደጋገመው ቃል ለእኛ ጆሮ «አለሁ፣ አለሁ» ነው የሚል። ከአገሩ ወጥቶ፣ ወባውን ችሎ፣ በአርባ ዲግሪ ሙቀት ጎንበስ ብሎ ለሚውል ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን ቃል አለ? አንድ ዐረብኛ የሚያነብ የገላባት ነጋዴ አንድ ቀን «ኧረ ‹አለሁ› አይደለም የምትለው፤ የወንድሟን ስም እየጠራች ነው» አለ። «ውጣ!» ብለው ጮኹበት። «አንተ የጎሉን ነገር ንገረን!» አለው አንዱ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ «አለህ?» ሲል ሌላው በዜማው «አለሁ፣ አለሁ» ይለዋል።

ዘፈኑን በትንሽ ካሴት መቅዳት የጀመርነው ሰው ስለጠየቀን ነው። ከዴኩ ድምፅ ወደሚቀዳው ቴፕ ገመድ እንሰካና ዘፈኑ ይቀዳል። ከዘፈኑ ቀጥሎ ባለቤቱ ለቤተሰቡ መልእክት ይናገርበታል፤ ወደ ደጋ የሚወጣ ነጋዴ ያደርስለታል። ስልክ የሌለበት ዘመን ነው፤ ደብዳቤም አንባቢ ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ነገሬ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ገመዱ ቴፑ ላይ እንደተሰካ ከሆነ ቴፑ የሰውን ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው ዴኩን ብቻ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ እንዳለቀ ጋሽ ይርዳው ገመዱን ነቅለው፣ ሐኪም ማዳመጫውን እንደሚያደርግ፣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ ካሴቱን ወደ ኋላ መልሰው ከባለቤቱ ጋር እስከ መጨረሻው ያዳምጡታል። ያልተደመጠ ካሴት ከቤታቸው አይወጣም። የአንገቱን ነገር እኔ ለታይታ ያደረጉት መስሎኝ እስቅባቸው ነበር።

አንድ ዓመት፣ በአጨዳ ሰሞን፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ ጎንደር ሄዱ። ቤቱ በእጄ ቀረ። ሲሄዱ «አንገትሽ ላይ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልሁ። አላደረግሁትም፤ ሰው ፊት እንደ ሐኪም መሆን አፈርሁ። ምንኛ ባላፈርሁ!

በዚያ ሳምንት ደምሌ የሚባል ካቦ የቀዳሁለትን ካሴት ይዞ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዘፈኑ አለ፣ እኔ የለሁም! ከዘፈኑ ወዲያ ሽሽሽ ብቻ ነው!» አለኝ።

«እቤትህ ወስደህ አጥፍተኸው ይሆናል።»

«በጊዮርጊስ ስም!»

«ጊዮርጊስን አትጥራ! እኔ ትርንጎ የሰው ሐቅ በልቼ አውቃለሁ? እናንተ፣ በልቼ አውቃለሁ?» ብዬ ወደ ሰልፉ ዞርሁ።

«ኧረ እሷ!» አለ ሰው ሁሉ። «ደምሌ፣ ይቅርታ በላት!» አሉት። ደምሌ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

እሑድ ቀትር ላይ ጫኔ መጣ። ጫኔ ጎጃሜ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። «ገመድ!» ብሎ መጀመሪያ የጮኸው እሱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰው አይቶ ዝም ይል ነበር። ከኋላ ምሰሶው ሥር ነው የሚቀመጥ፤ ጅግራዋ ልትወድቅ ስትል ብድግ ስለሚል ሰው እንዳይከልል። ያን ቀን ፊቱ አመድ መስሏል። ከሸሚዙ ሥር ሆዱ ተነፍቷል። ያን ጊዜ አላየሁትም፤ አሁን ነው የማየው።

«እትዬ፣ ሰው ሁሉ ይውጣልኝ። እርስዎ ብቻ ይቁሙ። ያገሬ ልጆች መታመሜን እንዲሰሙ አልፈልግም፤ ለእናቴ ብቻ ነው የምናገር» አለኝ።

ሰውን አስወጣሁ። ዘፈኑን ቀዳሁለት። ከዚያ «ተናገር» አልሁትና መናገር ጀመረ። ገመዱን አልነቀልሁም።

ትንሽ እንደተናገረ በር ላይ ጠብ ሰማሁ። አንዱ «ባልንጀራዬ ቦታ ይዞልኛል» እያለ ሰልፍ መሃል ሊገባ ነው። ይህን ደግሞ እኔ አልችልም። ጫኔን ቴፑ ፊት ትቼው ወጣሁ። ሰውየውን በእጅጌው ይዤ ጎትቼ ከሰልፉ ጭራ አቆምሁት፤ ባልንጀራውንም ሰደብሁለት። ሰልፈኛው «ጎሽ እትዬ!» አለኝ። ስመለስ ጫኔ የመጨረሻውን ቃል እየተናገረ ነበር። ወደ ጎጃም የሚወጣው ነጋዴ መኪናውን አስነሥቶ ጡሩንባ ይነፋል፤ ሕዝቡ «ክፈቱ!» ይላል። ካሴቱን ሳላዳምጥ አውጥቼ ለነጋዴው ሰጠሁት።

ፊልሙ ተጀመረ። ጅግራዋ ተነሣች። «ገመድ! ገመድ!» ብሎ ራኩባው ሲጮኽ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዓይኔ ወደ ቴፑ ሄደ። ገመዱ እንደተሰካ ነው።

የጫኔ ድምፅ አልተቀዳም። የደምሌም አልተቀዳም ነበር፤ ደምሌ እውነቱን ነበር። ከኋላ ጫኔ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል፤ እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸም፣ ግን ፈገግ ብሏል። ስንጨርስ መጣና፣

«እትዬ፣ ተነፈስሁ። ወንድሜ ሙሉ እንግዲህ በአሥራ አምስት ቀን ይደርስልኛል» አለኝ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። «ጫኔ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ተቀመጥ፣ እንደገና እንቅዳው፤ ሌላ ነጋዴ ወደ ጎጃም ይወጣል» ማለት ብቻ ነበር። ደምሌ ግን እዚያው በር ላይ ቆሟል። ያስደፋሁት አንገት ገና አልቀናም። እኔም ለጫኔ «እግዜር ያድርስልህ» አልሁት።

ለራሴም ምክንያት ፈለግሁ። ዘፈኑ ይደርሳል፤ «አለሁ፣ አለሁ» ይላል፤ ለእናት ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል አልሁ። ጫኔ እሑድ ሲመጣ ቀስ ብዬ አስቀዳዋለሁ አልሁ። እሑድ አልመጣም። በተከታዩም እሑድ አልመጣም። ከአጫጆቹ ካምፕ የመጡትን ብጠይቅ፣ «ተኝቷል። ጤና ጣቢያ እንውሰድህ ብንለው እምቢ አለ። ወንድሜ እየመጣ ነው፤ እሱ ያነሣኛል ይላል» አሉኝ።

በትራክተር ተጎታች ላይ ተጭኜ ሄድሁ። ራኩባ ውስጥ ተኝቷል፤ ሆዱ ከበሮ ሆኗል። ሲያየኝ የመጀመሪያ ቃሉ «ሙሉ መጣ?» ነበር።

«እየመጣ ነው» አልሁት።

አንዴ ዝም አልሁ፤ አሁን ደግሞ አፌን ሞልቼ ዋሸሁ። በዚያው ተጎታች አስጭኜ ጤና ጣቢያ አደረስሁት። ካላዛር ነው አሉ፤ ሆድ የሚነፋ የቆላ በሽታ። በጊዜው ቢመጣ መድኃኒት ነበረው አለችኝ ነርሷ፣ እኔ እህቱ መስዬያት። በአራተኛው ቀን ሞተ። እስከ መጨረሻው በር በሩን ያይ ነበር።

ደምሌ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሰው በተሰበሰበበት። ረጋ ብሎ ሰማኝና «ትርንጎ፣ ገመዱ እኮ ያን ቀንም ይታይ ነበር» አለኝ።

ጋሽ ይርዳው አንድ ዓይናቸውን አስረው ከጎንደር ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ለማን ነግረሻል?» አሉ።

«ለደምሌ። አሁን ደግሞ ለእርስዎ።»

«እኔ እናቱ ነኝ?»

አልሄድሁም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አገሩን አላውቀውም፣ ልጄን ለማን እተዋለሁ አልሁ። መርዶውን ያገሩ ልጆች አደረሱ። ካሴቱ ግን እናትየው ቤት እንዳለ አውቅ ነበር።

በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት በሩ ላይ ቆሙ። «የ‹አለሁ›ን ዘፈን የምትቀዳዋ ሴት ማን ናት?» አሉ። ከመቀነታቸው ካሴት ፈቱ። የጎኑ ጽሑፍ በጣት ብዛት ጠፍቷል። የጫኔ እናት ነበሩ።

«መጀመሪያ ሲደርሰኝ መንደሩን ሰብስቤ አሰማሁት። ‹አለሁ› ሲል እልል አልን። ለሙሉም ወንድምህ ደህና ነው፣ እርሻህን እረስ አልሁት። ከዘፈኑ ኋላ ድምፅ አለ፤ ዝናብ ይመስላል። ልጄ ዘፈን ብቻ አይልክልኝም። ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚናገር ይመስለኛል። የባትሪ ድንጋይ እየገዛሁ ዓመት ሙሉ አዳመጥሁት። ኮኪት ያለችው ሴት ታወጣዋለች አሉኝ።»

ጋሽ ይርዳው ተነሥተው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ታጠቡ። አየር ላይ አደረቁ። ካሴቱን ተቀብለው ቴፑ ውስጥ አስገቡና ከእናትየው ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዘፈኑ አለቀ። ያ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ መጣ። አላቆሙትም፤ የመጨረሻዋ ጫፍ ዞራ ቀጭ እስክትል ድረስ፣ አንድ ሰው ለእናቱ የሚነግረውን ያህል ጊዜ፣ ያን ባዶ ድምፅ አዳመጡት። ከዚያ በአንድ ዓይናቸው አዩኝ።

«ትርንጎ፣ ተናገሪ።»

ተናገርሁ። ገመዱን፣ ደምሌን፣ «እግዜር ያድርስልህ» ያልሁትን፣ «እየመጣ ነው» ያልሁትን። እናትየው አላለቀሱም። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣

«አንቺ እዚያው ነበርሽ?» አሉ።

«ነበርሁ እናቴ።»

«እንግዲያ ሰምተሻል። ምን አለ?»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ያ ሰው የተናገረው ነገር በዓለም ላይ ያለው በእኔ ጆሮ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቋንቋውን የማላውቀውን ፊልም ከፊት ቆሜ ለሕዝብ የምተረጉም ሴት ነኝ፤ የጎደለ ሲገኝ መሙላት ሥራዬ ሆኗል። ጀመርሁ። ሆዱን ነገርኋቸው፤ ሙሉን ላኪልኝ ማለቱን ነገርኋቸው። ከዚያ አፌ ብቻውን ቀጠለ፤ «እናቴ፣ አንቺን ሳላይ የምሞት ከሆነ…»

«ተይ» አሉኝ። «ልጄ እንዲህ አያወራም። ያልሰማሽውን አትጨምሪብኝ።»

«መሃሉን አልሰማሁትም» አልሁ።

«የት ሄደሽ?»

«የሰልፍ ጠብ ልዳኝ ወጥቼ።»

እናትየው ራኩባውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ፊልሙን ማየት እፈልጋለሁ አሉ። «ጫኔ የት ነበር የሚቀመጥ?» አሉና ምሰሶው ሥር ተቀመጡ። ሠራተኛው ገባ፤ ማን እንደሆኑ ሰምቶ ነበር፤ ገመዱ ሲመጣ የጮኸ የለም። እናትየው ዞር ብለው «ምን ሆናችሁ? ልጄ እዚህ ላይ ይጮኻል ብላችሁኝ የለም?» አሉ። ያን ጊዜ ራኩባው «ገመድ!» ብሎ ጮኸ፤ እንዲያ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም። ዘፈኑ ሲመጣ እሳቸውም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው አሉት። ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ልጅቷ የተራራው በር ላይ ደርሳ እጇን ዘረጋች። ኳሱ መጣ። «እንዴ!» አሉ እናትየው። «ወንድሟን አገኘችው?»

ጋሽ ይርዳው በሌሉበት ሳሳይ ሰው ይህን ሲጠይቀኝ «አገኘችው፤ ይዛው በረረች» እል ነበር፤ ሰው ይወድልኛል። ያን ቀን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አላውቅም እናቴ። ተቆርጧል» አልሁ።

ሲሄዱ ካሴቱን ይተዉልኛል ብዬ ነበር። መቀነታቸው ላይ መልሰው ቋጠሩት። «ዘፈኑ የሱ ነው፤ ይህን አልሰጥሽም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልተውሁም። ጋሽ ይርዳው ሲያርፉ መተማ ዮሐንስ ወርጄ አንድ ሆቴል ቤት ተቀጠርሁ። ባለቤቱ ፊልም መሃሉ ላይ አቋርጦ ሌላ ሰው የሚያስገባ ነበር፤ ሦስት ወር ተጣልተን ወጣሁ። ፈቃድ አውጥቼ የራሴን ከፈትሁ። ገመዱን ሰው ሲናገር ሁልጊዜ አንገቴ ላይ አንጠለጥል ነበር። ሰው ካሴት መቅዳት ትቶ ስልክ ሲይዝም አላወለቅሁትም። ሳሳይም እንደ ጋሽ ይርዳው ከፊት ቆሜ ጉዱን እናገራለሁ፤ መጨረሻው ላይ የራሴን እጨምራለሁ፦ «አንድ ሰው ድምፁን አምኖ ሰጥቶኝ አጥፍቼበታለሁ፤ ዋሽቼዋለሁ፤ እሱም ሞቷል።»

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው ዝም ይል ነበር። እየቆየ ግን ይህንንም ለመዱት። ከገመዱና ከላስቲኩ ጋር ቆጠሩት። «አንድ ሰው ድምፁን» ስል ከኋላ አብረውኝ የሚሉ መጡ። ቀጥሎ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ «እማማ ሐቀኛዋ!» እያሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ፊልሙን እንደወደዱት ከነጉዱ ወደዱኝ። እኔ ግን የተናዘዝሁት ለመወደድ አልነበረም። ጋቢውም የመጣው ከዚያ ነው።

ወረቀት ላይ የሚያጨበጭብ የለም። ስለዚህ ጫኔ ያን እሑድ የተናገረውን የሰማሁትን ያህል፣ ሳልጨምር፣ እዚህ አስቀምጣለሁ። ሙሉ ወይም የሙሉ ልጆች ቢያነቡት የእነሱ ነው።

«እማ፣ ጫኔ ነኝ። እንዴት ሰነበትሽ? ቡሬዋ ወለደች ወይ? እማ፣ ሆዴ ላይ እንደ ድንጋይ ያለ ነገር አብጦብኛል። ብቻዬን መንገዱን አልችለውም፤ ሙሉን ላኪልኝ። ሌላው ደግሞ፣ እማ፣»

እዚህ ላይ ወጣሁ።

«ስንቅም አታስይዢው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ይከብደዋል።»